በዱዋሚሽ ወንዝ ዳር፤ ሠፈራቸውን የመረመሩ ልጆች

ወደ ሩቅ አገር ተጉዞ የተመለሰን ሰው ወዳጅ ዘመድ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስለ ሕንፃው ከፍታና ስለ መንገዱ ስፋት ነው። እኛም በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ ወደምትገኘው ወደ ሲያትል ከተማ ሄደን በተመለስን ጊዜ የቀረበልን ጥያቄ ይኸው ነበር። እርግጥ ነው፣ ከተማይቱ ለዐይን የሚያስደንቅ ነገር አላነሳትም። በምዕራብ ባሕር፣ በምሥራቅ ሐይቅ አቅፈው ይዘዋታል፤ ሰማዩ በጠራ ቀንም ከራስ ዳሸን ጥቂት ብቻ የሚያንሰው፣ 4,392 ሜትር ከፍታ ያለው የሬኒየር ተራራ በረዶውን ተከናንቦ በስተደቡብ ምሥራቅ ይታያል። ይሁን እንጂ ለውድ አንባብያን ልናወጋ የወደድነው ስለ ባሕሩና ስለ ተራራው አይደለም። ጎብኚ እምብዛም በማይረግጠው በከተማይቱ ደቡብ ክፍል፣ በአንድ የታመመ ወንዝ ዳር፣ ልጆች የሠፈራቸውን ጤና እንዴት እንደመረመሩና የሠፈራቸውንም ነገር እንዴት ወደ አደባባይ እንዳወጡት ነው። ዘመኑን የጻፍነው ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናስታውቃለን።

በሲያትልና በአካባቢዋ ብዙ ሺህ የአገራችን ልጆች ይኖራሉ። የከተማይቱ አስተዳደር ለሕዝብ የሚያወጣውን ማስታወቂያ ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ በየሰንበቱም ቅዳሴያችን ይቀደስባታል። ያስተናገደን ቤተሰብ ከቅዳሴ በኋላ ምሳ አብልቶ፣ ቡና አጠጥቶ ሲያበቃ፣ የቤቱ የበኩር ልጅ፣ የዐሥራ አምስት ዓመት ብላቴና፣ «የኔታ፣ የባሕሩን ዳር እንግዳ ሁሉ ያየዋል፤ እኔ የክፍል ጓደኞቼ የሚኖሩበትን ሠፈር ላሳይዎት» አለን። አባቱ ግን፣ «እዚያ ምን አለና ነው እርሳቸውን የምትወስዳቸው? ፋብሪካና የመኪና ጭስ ነው» ብሎ ሊከለክለው ፈለገ። መምህር ለተማሪው የሚያሳየው ነገር እንዳለ ሁሉ ተማሪም ለመምህሩ የሚያሳየው አያጣምና፣ እኛ የልጁን ምርጫ ወደድን። አባትየውም እንግዳ ማክበር ግድ ስለሆነበት መኪናውን አስነሥቶ ወሰደን።

መንገዱ ወደ ደቡብ ሲወርድ ቦይንግ ፊልድ የሚባለውን የአውሮፕላን ማረፊያ አገኘን። ይህን ስም የሰማ ኢትዮጵያዊ እንግድነት አይሰማውም። አየር መንገዳችን በ1962 የመጀመሪያዎቹን የጄት አውሮፕላኖች የተቀበለው ከዚሁ ኩባንያ ነው፤ በ2012ም ድሪምላይነር የተባለውን አውሮፕላን ከአፍሪካ አየር መንገዶች ሁሉ ቀድሞ ያስገባው ከዚሁ ነው። ኩባንያው በልጅነቱ የቆመው ደግሞ በዚህ ሸለቆ፣ በዚህ ወንዝ ዳር ነበር። ስለዚህ እኛን በክንፉ ተሸክሞ ባሕር ያሻገረን ሥራ ከዚህ ወንዝ ታሪክ ጋር ዝምድና አለውና፣ በወንዙ ላይ የደረሰውን ነገር ፈጽሞ የባዕድ ወሬ አድርገን ልንሰማው አይገባም።

የወንዙ ስም ዱዋሚሽ ነው። ይህም ከጥንት ጀምሮ በዳርቻው ይኖር የነበረው ሕዝብ መጠሪያ ነው፤ ሲያትል የሚለው የከተማይቱ ስምም የተገኘው ይህን ሕዝብ ከመሩት አለቆች ከአንዱ ነው። ሠፋሪዎች በ1851 መጡ፤ በ1855 ከአካባቢው ነገዶች ጋር ውል ተፈረመ፤ ከዚያም ባለ አገሩ በአገሩ ላይ እንግዳ ሆነ። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት ዱዋሚሾችን ራሳቸውን እንደቻሉ ነገድ አድርጎ በመዝገቡ አላሰፈራቸውም። እነርሱ ግን አልጠፉም፤ በ2009 እንደ አባቶቻቸው ልማድ ረጅም የእንጨት አዳራሽ በወንዙ አጠገብ ሠርተው ልጆቻቸውን ቋንቋና ታሪክ ያስተምሩበታል።

ወንዙም እንደ ሕዝቡ ተቸግሯል። በጥንት ዘመን በረግረጉ መካከል እየተጠማዘዘ፣ እየተኛና እየተነሣ ይፈስ ነበር። ከ1913 ጀምሮ ግን ትልልቅ መርከቦች እንዲገቡበት ተብሎ ጠመዝማዛው ተደፈነ፣ መሐሉ ተቆፈረ፣ አካሉም እንደ ቦይ ቀጥ ተደረገ። በ1916 ደግሞ በሌላ በኩል ለመርከብ መተላለፊያ በተከፈተ ቦይ ምክንያት የዋሽንግተን ሐይቅ ውኃ ወደ 3 ሜትር የሚጠጋ ዝቅ አለ፤ ከሐይቁ ወጥቶ ዱዋሚሽን ይመግብ የነበረው ጥቁር ወንዝ የተባለው ገባርም ደረቀ። ዓሣ ሲመላለስበት የኖረ ወንዝ በአጭር ጊዜ ውስጥ ስሙ ብቻ ቀረ።

በወንዙ ዳር ያለው ሳውዝ ፓርክ የተባለው ሠፈር ቀድሞ የአትክልት አገር ነበር። ከጣልያንና ከጃፓን የመጡ ስደተኞች ጎመኑንና ሽንኩርቱን እያመረቱ በ1907 በተቋቋመው በከተማይቱ ገበያ ይሸጡ ነበር። በ1942 ጃፓናውያኑ በጦርነቱ ሰበብ ከቤታቸው ተነቅለው ወደ ማጎሪያ ሠፈር ተወሰዱ። እርሻውን ፋብሪካ፣ መጋዘንና አውራ ጎዳና ተካው፤ ዛሬ ከዚያ ሁሉ ማሳ የተረፈው ትንሽ ቦታ ብቻ ነው።

በዚያ ዘመን በወንዙ ዳር የሆነ አንድ ነገር አስጎብኚያችን ብላቴና ሲነግረን ቀልድ መስሎን ነበር፤ ነገር ግን በታሪክ የተጻፈ እውነት ነው። በ1936 የተሠራው የቦይንግ ሁለተኛ ፋብሪካ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ 7,000 የሚጠጉ ቢ 17 የተባሉ ቦምብ ጣይ አውሮፕላኖች ወጥተውበታል። ጠላት ከአየር ሆኖ እንዳያየው ስለተፈለገ፣ ለፊልም መድረክ በማዘጋጀት የታወቀ አንድ ባለሙያ ተጠርቶ በፋብሪካው ጣሪያ ላይ ሐሰተኛ መንደር ሠራበት። ከእንጨት፣ ከሽቦ መረብና ከጆንያ ቤቶች ተሠሩ፤ ጎዳናዎች ተዘረጉ፤ ዛፎች ተተከሉ። ከሰማይ ለሚመለከት ሰው ጸጥ ያለ የሰላም ሠፈር ይመስላል፤ ከሥሩ ግን ብረት ይቀጠቀጣል። ፋብሪካው ከ2010 ጀምሮ ፈርሷል። አንባቢ ይህን የጣሪያ ላይ መንደር በልቡ እንዲያኖረው እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና።

ድልድዩን ተሻግረን ሳውዝ ፓርክ ገባን። አሮጌው ድልድይ ስላረጀ በ2010 ተዘግቶ፣ አዲሱ እስኪከፈት እስከ 2014 ድረስ የሠፈሩ ሰው በዙሪያ መንገድ ሲንገላታ ኖሯል። ቤቶቹ ዝቅ ያሉ፣ አጥራቸውም ዐጭር ነው። በአንዱ ደጃፍ ስፓኒሽ፣ በሌላው የቬትናም ቋንቋ ይሰማል፤ የሚጋገር የበቆሎ ቂጣ ሽታ ከከባድ መኪና ጭስ ጋር ይቀላቀላል። አውራ ጎዳናው ሠፈሩን ከመካከል ሰንጥቆት ያልፋል፤ አውሮፕላን ከራስ በላይ ዝቅ ብሎ ሲያርፍ ጨዋታ ይቋረጣል። ከወንዙ ማዶ ያለው ጆርጅታውን የተባለው ሠፈርም በፋብሪካ፣ በባቡር ሐዲድና በአውሮፕላን ማረፊያው መካከል ተጣብቆ ይኖራል።

ከውኃው ዳር ስንደርስ በልዩ ልዩ ቋንቋ የተጻፈ ማስጠንቀቂያ ቆሞ አየን። ቃሉም በወንዙ ውስጥ ተወልደው እዚያው የሚኖሩትን ዓሦችና ሸርጣኖች አትብሉ የሚል ነው። ሳልሞን የተባለው ዓሣ ብቻ ይፈቀዳል፤ እርሱ ዕድሜውን በአብዛኛው የሚያሳልፈው በባሕር ስለሆነ መርዙ በአካሉ ብዙ አይከማችም። አባትየው ማስጠንቀቂያውን አንብቦ ጥቂት ዝም አለ። ከዚያም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ባለፈው ዓመት የሥራ ጓደኛዬ ከዚህ ያጠመደውን ዓሣ ሰጥቶኝ ለቤት ይዤ ገብቼ ነበር፤ በዚህ መንገድ ስመላለስ ዐሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል፤ ይህን ጽሑፍ ግን አንድ ቀን እንኳ አላነበብሁትም» አለን። ልጁም ሰምቶ ምንም አልተናገረም።

ነገሩ ቀላል አይደለም። በ2001 የአሜሪካ መንግሥት የወንዙን የታችኛውን ክፍል፣ ወደ 8 ኪሎ ሜትር የሚሆነውን፣ በአገሪቱ እጅግ ከተበከሉ ቦታዎች መዝገብ ውስጥ አስገብቶታል። በወንዙ ጭቃ ውስጥ የተገኙት ቀድሞ በኤሌክትሪክ ዕቃዎች ዘይት ውስጥ ይጨመር የነበረው ፒሲቢ የተባለው ኬሚካል፣ አርሴኒክና ሌሎችም ለካንሰር የሚያጋልጡ ነገሮች ናቸው። በ2014 የጽዳቱ ዕቅድ ሲወሰን ወጪው 342 ሚሊዮን ዶላር እንደሚሆን ተገምቷል። አንድ መቶ ዓመት በቸልታ የቆሸሸውን ለማጠብ ይህን ያህል ገንዘብና ብዙ ዓመታት ያስፈልጋል ማለት ነው።

በ2013 የወጣ አንድ የጤና ጥናት ደግሞ ከዚህ የሚበልጥ አስደንጋጭ ነገር ገልጧል። በጆርጅታውንና በሳውዝ ፓርክ የሰው አማካይ ዕድሜ 73.3 ዓመት ሲሆን፣ በዚያችው ከተማ በሐይቁ ዳር ባለጠጎች በሚኖሩበት ሎረልኸርስት በተባለው ሠፈር 86.4 ዓመት ነው። ልዩነቱ 13 ዓመት ይሆናል። አንድ ሰው በመኪና በግማሽ ሰዓት ከሚደርስበት ሠፈር ወደ ሌላው ሲሻገር 13 ዓመት ጥሎ ያልፋል። ሕፃን ተወልዶ፣ ክርስትና ተነሥቶ፣ ዳዊት ደግሞ፣ ለድቁና የሚደርስበት ዕድሜ ነው። አያት የልጅ ልጁን የሚያሳድግበት ዘመን ነው። ይህን ያህል ዕድሜ የሚወስደው አየሩ ወይም ወንዙ ብቻ ነው አንልም፤ ድህነት፣ የሥራ ዓይነት፣ የሕክምና ዕጦት ሁሉም ተደምረው ነው። የሚደመሩት ግን በአንድ ቦታ፣ በአንድ ሕዝብ ትከሻ ላይ ነው።

ልጆቹ የሚመጡት እዚህ ላይ ነው። በሸለቆው ነዋሪዎች ማኅበር ሥር የዱዋሚሽ ሸለቆ የወጣቶች ጓድ የተባለ ኅብረት አለ፤ አባሎቹ በዐሥራዎቹ ዕድሜ የሚገኙ የሠፈሩ ተማሪዎች ናቸው። የሠፈሩ ሰው ለረጅም ጊዜ «አየሩ ይሸታል፣ ልጆቻችን በአስም ይታፈናሉ» እያለ ሲያማርር ኖሯል። ሆኖም ሹም ፊት ቀርቦ «ይሸታል» ማለት ብቻ አይበቃም፤ የትኛው ጎዳና ላይ፣ ምን ዓይነት ነገር፣ በምን ያህል መጠን የሚል ጥያቄ ይመጣል። የአየር መለኪያ መሣሪያ ደግሞ ዋጋው ውድ ስለሆነ በየመንገዱ ሊተከል አይቻልም።

መፍትሔው የተገኘው ሰው ንቆ ከሚረግጠው ነገር ነው። በዛፍ ቅርፊትና በእርጥብ ድንጋይ ላይ እንደ ምንጣፍ የሚነጠፍ፣ ፈረንጆች ሞስ የሚሉት ትንሽ አረንጓዴ ተክል አለ። ይህ ተክል እንደ ሌላው ተክል ከመሬት የሚመገብበት ሥር የለውም፤ የሚያስፈልገውን ሁሉ የሚያገኘው ከዝናቡና ከአየሩ ነው። ስለዚህ በአየር ላይ የሚበነው የብረት ትቢያ፣ እርሳሱም ሆነ አርሴኒኩ፣ በአካሉ ውስጥ ይከማቻል። ደመወዝ ሳይጠይቅ፣ ሌሊትና ቀን ሳይል፣ የሠፈሩን አየር መዝግቦ የሚያስቀምጥ ጸሓፊ ማለት ነው። የጎደለው መዝገቡን የሚያነብለት ሰው ብቻ ነበር።

በ2019 የጸደይ ወራት ወጣቶቹ ከአሜሪካ የደን አገልግሎት ሊቃውንት ጋር ተባብረው በሁለቱ ሠፈሮች ተሠማሩ። አስቀድመው ትምህርት ተሰጣቸው፤ ትክክለኛውን የሞስ ዓይነት ከሌላው መለየትን፣ እጃቸው እንዳያቆሽሸው ጓንት ማጥለቅን፣ የተለቀመበትን ዛፍና ቦታ በጥንቃቄ መጻፍን ተማሩ። ከ61 ቦታዎች ናሙና ሰበሰቡ፤ ናሙናውም ተጠርጎ፣ ደርቆና ተፈጭቶ በቤተ ሙከራ ከ20 ለሚበልጡ ንጥረ ነገሮች ተመረመረ። እዚህ ላይ መምህራን ሁሉ ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ። ሊቃውንቱ የልጆቹ ሥራ ይታመን እንደሆነ ለማወቅ ከአንዳንድ ዛፎች ናሙናው በድጋሚ ተወስዶ እንዲነጻጸር አደረጉ። የልጆቹ አለቃቀም ለምርመራ የሚበቃ ሆኖ ተገኘ፤ ጥናቱም በ2022 በሊቃውንት መጽሔት ታተመ። ትኩረት ከሳቡት ነገሮች መካከል አርሴኒክና ክሮሚየም ይገኙበታል፤ ከፍ ያለው መጠንም በወንዙ አጠገብ ወዳለው የፋብሪካ ክልል ያመለክት ነበር።

ይህ ዘዴ ቀድሞ በሌላ ከተማ ፍሬ አሳይቶ ነበር። ከሲያትል በስተደቡብ ባለችው በፖርትላንድ በ2013 ከ346 ዛፎች ሞስ ተለቅሞ ሲመረመር፣ በ2016 ማንም ያልጠረጠረው የካድሚየም ምንጭ ተገለጠ፤ ባለቀለም መስተዋት የሚሠራበት ቦታ ነበር። በዚህም የተነሣ የአገረ ገዥው አስተዳደር ሕጉን አጠበቀ። ይሁን እንጂ እውነቱን ሳንጨምር ሳንቀንስ እንናገር ብንል፣ ሞስ ወዴት እንድንመለከት ይጠቁማል እንጂ ማን እንደታመመ አይናገርም። ሰው በእርግጥ የሚተነፍሰውን መጠን ለማወቅ የአየር መሣሪያ ያስፈልጋል። የልጆቹ ሥራ ለባለሙያዎቹ መሣሪያውን ወዴት እንደሚያቆሙ አመለከተ፤ ይህም ትንሽ ነገር አይደለም።

ጓዱ ሥራውን በሞስ አላቆመም። ጥላ በጎደለበት መንገድ ዛፍ ይተክላሉ፤ የግድግዳ ሥዕልም ይሥላሉ። በሳውዝ ፓርክ ጎዳናዎች ስንዘዋወር በሱቅና በመጋዘን ግድግዳ ላይ ወንዝ፣ ዓሣ፣ የውኃ ወፍ፣ የሠፈሩም ሰው ፊት በደማቅ ቀለም ተሥሎ አየን። በ2015 በጋም «ዱዋሚሽ ተገለጠ» በሚል ርእስ ሠዓሊዎችና ሙዚቀኞች ሥራቸውን በወንዙ ዳርቻ አቅርበው፣ በከተማይቱ ኖሮ ወንዙን አይቶ የማያውቀውን ሰው ወደ ውኃው አውርደውት ነበር። ለምን ሥዕል አስፈለገ ብለን አስጎብኚያችንን ብንጠይቀው፣ «የኔታ፣ ወረቀት ቢሆን አባቴ አያነበውም፤ ግድግዳውን ግን በመኪና ሲያልፍም ያየዋል» አለን። አባትየው ፈገግ አለ፤ ግን አልተቃወመም።

በዚህ ጊዜ በፋብሪካው ጣሪያ ላይ የነበረው ሐሰተኛ መንደር ትዝ አለን። በአንድ ሸለቆ፣ በአንድ ወንዝ ዳር፣ የሰው እጅ ሁለት ዓይነት ሥዕል ሠርቷል። የፊተኛው ሥዕል ያለውን ለመሰወር ነው፤ በጦርነት ጊዜ ይህ ምክንያት ነበረው፣ አንፈርድበትም። የኋለኛው ግን ያለውን ለመግለጥ ነው። በሰላም ጊዜ ሕመሙን በሥዕል ጣሪያ ሸፍኖ የሚኖር ከተማ ግን ከራሱ ልጆች ይሸሸጋል። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ሲሉ የተናገሩት ለአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ ለመንደርም ለከተማም ነው።

ሥዕል ሕዝብን ማስተማሪያ መሆኑ ለእኛ አዲስ ነገር አይደለም። የቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ፊደል ላልቆጠረው ምእመን መጽሐፉ ነበር። የገበሬው ሚስት ቅዱስ ጊዮርጊስ ደራጎኑን ሲወጋ፣ ሀብታሙ ሰው አልዓዛርን በደጁ ትቶ ሲበላ በዐይኗ አይታ ለልጇ ትተርካለች። ነቢዩ ሕዝቅኤልም ኢየሩሳሌምን በጡብ ላይ ሥሎ የሚመጣባትን ነገር ለሕዝቡ እንዲያሳይ ታዞ እንደነበር እናውቃለን። ነገሩን በዐይኑ ያየ ሰው አልሰማሁም ሊል አይችልም።

ይህ ሥራ በሲያትል ብቻ የታየ አይደለም። በኒው ዮርክ ከተማ፣ በብሩክሊን፣ በ1982 የተመሠረተ ኤል ፑዌንቴ የሚባል ድርጅት አለ፤ ትርጓሜውም ድልድዩ ማለት ነው። በ1988 ከዚያ የተነሡ ተማሪዎች ራሳቸውን የመርዝ ተበቃዮች ብለው ሰይመው፣ በመኖሪያ ቤቶች አጠገብ ስለነበረ የአደገኛ ቆሻሻ ማከማቻ መርምረው ሠፈሩን ቀሰቀሱ። የዚያው ድርጅት ወጣት ሠዓሊዎችም የሠፈሩን ኑሮና ጤና በጎዳና ግድግዳዎች ላይ ሣሉ። ከተማው በአካባቢው ትልቅ የቆሻሻ ማቃጠያ ሊሠራ ሲያስብም፣ በቋንቋም በሃይማኖትም የማይገናኙት የስፓኒሽ ተናጋሪዎቹና የአይሁድ ጎረቤቶቻቸው አብረው ተቃወሙ፤ ማቃጠያውም ሳይሠራ ቀረ። የጋራ አየር የጋራ ጉዳይ መሆኑን ማየታቸው ባላጋራውን ባልንጀራ አደረገው።

እዚህ ላይ ስለ ራሳችን አንድ ነገር መናዘዝ ይገባናል። በመምህርነት ሥራችን መጀመሪያ፣ በአንድ ትምህርት ቤት ሳለን፣ አንድ ተማሪ ከደብተሩ የገነጠለውን ወረቀት ይዞልን መጣ። በክፍሉ ውስጥ በሆድ ሕመም የቀሩትን ልጆች በየቀኑ ቆጥሮ ጽፏል፤ ከየትኛው ቧንቧ እንደሚጠጡም ለይቷል። በወረቀቱ ግርጌ የግቢውን ሥዕል ሥሎ ቧንቧውን በቀይ ከቦታል። እኛ ግን «ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም» ብለን፣ ወደ ሰዋስው ትምህርቱ እንዲመለስ ተቆጥተን ሰደድነው። ከሳምንታት በኋላ ቧንቧው ከመጸዳጃው ጉድጓድ አጠገብ ተሰብሮ መገኘቱን ሰማን። በእነዚያ ሳምንታት የታመሙት ልጆች ድነዋል፤ ለዚህ እግዚአብሔርን እናመሰግናለን። ያ ተማሪ ግን ከዚያ ወዲህ ምንም ወረቀት ይዞልን አልመጣም። በዱዋሚሽ ዳር ቆመን የልጆቹን ሥራ ስንሰማ በፊታችን የመጣው የእርሱ ቀይ ክብ ነበር።

እንግዲህ ለወላጆችና ለሰንበት ትምህርት ቤት መሪዎች ያለን ምክር ይህ ነው። ነህምያ የኢየሩሳሌምን ቅጥር ከመሥራቱ በፊት፣ ለማንም ሳይናገር በሌሊት ወጥቶ ፍርስራሹን በዐይኑ መረመረ፤ ለሕዝቡ የተናገረው ካየ በኋላ ነው። ልጆቻችንም በአገር ቤት ቢሆኑ በስደት፣ አስቀድመው ማየትን ይማሩ። ውኃ በሳምንት ስንት ቀን እንደሚመጣ፣ ስንት ቤተሰብ በአንድ መጸዳጃ እንደሚጠቀም፣ ክረምት ሲገባ የትኛው ቦይ እንደሚደፈን፣ ምንጩ ከቆሻሻው ስንት እርምጃ እንደሚርቅ ቆጥረው ይጻፉ። አንድ ልጅ የቆጠረውን ሌላው ደግሞ ቆጥሮ ያመሳክረው፤ ምስክርነት በሁለት ሦስት አፍ ይጸናልና። የታመመን ሰው ስም ግን አይጻፉ፤ የጎረቤትን ገመና ማውጣት ምርመራ አይባልም። ያገኙትን ለጤና ባለሙያ ያሳዩ፤ ባለሙያው ያረጋገጠውንም ሰው ሁሉ በሚያልፍበት፣ ባለቤቱ በፈቀደው ግድግዳ ላይ ይሣሉት። የችግሩን ሥዕል ብቻ ሳይሆን ሠፈሩ ሲድን የሚመስለውንም ይጨምሩበት፤ ተስፋ የሌለው ሥዕል ሰውን ያስደነግጣል እንጂ አያሠራም።

ታላላቆቹም ድርሻ አለን። ልጅ ቆጥሮ ያመጣውን ወረቀት ተቀብለን ማንበብ፣ ስሕተት ካለበት ማረም፣ እውነት ከሆነም ከእርሱ ጋር ሹሙ ደጅ ድረስ መሄድ ይገባናል። የልጆች ሥዕል ወንዝ አያጥብም፤ የሚያጥበው ገንዘብ፣ ሕግና የታላላቆች ድካም ነው። ልጆቹ ያደረጉት ታላላቆቹ አላየንም ብለው የሚያመልጡበትን በር መዝጋት ነው።

ወደ ቤት ስንመለስ መሽቶ ነበር። በደጃፉ አንድ አሮጌ ዛፍ ቆሟል፤ ግንዱም በሞስ ተሸፍኗል። አባትየው ከመኪናው ወርዶ ጥቂት ቆሞ ተመለከተውና፣ «ይህስ ምን ጽፎ ይሆን?» ብሎ ልጁን ጠየቀው። ልጁም፣ «አባዬ፣ ጓንት ይዘን መጥተን እናየዋለና» አለው። በዚያ ቤት አባት ልጁን ሲጠይቅ፣ ልጅም ለአባቱ ሲመልስ ሰምተን ደስ ብሎን ገባን።

የልጆቻችንን ዐይን የሚያበራ፣ የታላላቆችንም ጆሮ የሚከፍት አምላክ ቤታችሁንና ሠፈራችሁን ይጠብቅ። አሜን።